ደሟ ደህና፣ ሆዷ ግን

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ሜዲካል ዳይሬክተር፤

ጤናዎ ይብዛልን እያልኩ በታላቅ ትሕትና እጅ እነሣለሁ። የእኛን ከጠየቁ ደማችን ደህና ነው፤ የቀረው አካላችን ገና አልተጠየቀም። ይህን የምጽፈው ከሕፃናት ክፍል፣ ከልጄ አልጋ ጠርዝ ተቀምጬ ስለሆነ፣ ፊደሌ ቢንቀጠቀጥ አልጋውን ይውቀሱ። ምስጋናዬን ልዘርዝር፦

፩. ልጄ እምብርቷን ይዛ እየተጣጠፈች ድንገተኛ ክፍል ስንደርስ፣ «የደም ውጤት ሳይመጣ ሆድ አይነካም» የሚለው አዲሱ አሠራርዎ በክብር ተቀበለን። ሐኪሙም እጁን ከኪሱ ሳያወጣ «እናት፣ ዘመኑ የደም ምርመራ ነው፤ ትርፍ አንጀቷ ከተቆጣ ደሟ ይነግረናል» ብሎ አጽናናኝ። ልጅቷ ራሷ እየነገረችን ነው ልል ነበር፤ ደም ሊናገር ሲል ጣልቃ መግባት ነውር መሰለኝ።

፪. ደሟም ተናገረ፦ ብግነት የለም። ሕመሙ ገና መጀመሩ ነበርና ደሟ ወሬውን አልሰማም ነበር ለካ! «ጋዝ ነው» ተብለን በክብር ስንሸኝ፣ ልጄ በጀርባዬ ታዝላ ደረጃውን ወረደች። ቤት ስንደርስ ሕመሙ ድንገት ተዋት። እፎይ አልን። ለካ ትርፍ አንጀቷ ፈንድቶ ኖሯል።

፫. ይዣት ስመለስ ቀዶ ጥገና ያደረጉላት ሐኪም እጃቸው ይባረክ፤ እዚህ ላይ አልቀልድም። ከትናንት ወዲህ ግን ሆዷ እንደ ከበሮ ተወጥሯል፤ ጉልበቷን ከደረቷ አጣብቃ ትተኛለች። የዛሬው ደም ደግሞ «መሻሻል አለ» ስላለ፣ ተረኛው ሐኪም ከበሩ ላይ ሆኖ አውራ ጣቱን አሳይቶን አለፈ። ጣት እንዳለው በማየቴ ተስፋዬ ለመለመ።

ክቡርነትዎ፣ ከደም ምርመራ ጋር ጠብ የለኝም። ደሟ ይቀዳ፣ ይደገምም፤ ምስክር ነውና ይሰማ። ዳኛ አድርጋችሁ ብቻውን አታስቀምጡት ነው የምለው። ሆዷም ይዳሰስ፣ በአልትራሳውንድም ይታይ። ስለዚህ ዛሬውኑ፣ ሳይመሽ፣ አንድ እጅ ይላኩልን። የሞቀ ቢሆን ደስ ይለናል፤ ቀዝቃዛም አንንቅም።

ለደም መመርመሪያ መሣሪያዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ከተረፈም ለልጄ እየለመንኩ፣

ደሟ ደህና የተባለላት ልጅ እናት

ማስታወሻ፦ ጠዋት ሊጠይቃት የመጣው አጎቷ «የት ጋ ነው የሚያምሽ የኔ እመቤት?» ቢላት፣ ሆዷን አላሳየችውም። እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን ዘረጋችለት።