አበልጅ ያሰሩት የአንቴና ገመድ፦ የአቶ መርስዔ ኀዘን አገኘሁ የሕይወት ታሪክ

አቶ መርስዔ ኀዘን ከአባታቸው ከአቶ አገኘሁ መልካሙና ከእናታቸው ከወ/ሮ አትጠገብ ቢያዝን በ1952 ዓ.ም. በደቅ ደሴት ተወለዱ። ፊደል በደሴቱ ደብር ቆጥረው፣ ትምህርታቸውን በባሕር ዳር ተከታትለው በራዲዮ ጥገና ሠለጠኑ። በ1976 ዓ.ም. በጣና ላይ ሰው በሚያመላልስ ድርጅት የጀልባ ራዲዮ ቴክኒሻን ሆነው ተቀጠሩ። በ1981 ዓ.ም. ከወ/ሮ ፀሐይወርቅ ምሥጋና ጋር ጋብቻ መሥርተው ሩሐማንና ምናሴን ወለዱ። ምናሴን ክርስትና ያነሡት የሥራ ባልደረባቸው አቶ አስማማው ናቸው፤ ከዚያ ወዲያ ሁለቱ በአበልጅነት በዓሉንም ኀዘኑንም አብረው አሳለፉ።

በ2009 ዓ.ም. ክረምት ለአንዲት ጀልባ አዲስ አንቴና ሲተከል ገመዱን ያሰሩት አቶ አስማማው ነበሩ። ለራዲዮው የሚሆነው ባለ ሃምሳ ኦም ማያያዣ ቢያልቅባቸው፣ ለቴሌቪዥን የሚሠራውን ባለ ሰባ አምስት ኦም ገጥመው ዝም አሉ። ሁለቱ ከውጭ ሲያዩአቸው መንታ ናቸው፤ የሰባ አምስቱ መርፌ ግን ቀጭን ነውና በሃምሳው ቀዳዳ ውስጥ ይላላል። አቶ መርስዔ ኀዘን ወደብ ላይ ሲሞክሩት ራዲዮው ጥርት ብሎ ተናገረ። ፈትተው ማየት ይገባቸው ነበር። የአበልጅን ሥራ ከኋላ መፈተሽ ግን ነውር ሆነባቸውና አምነው ፈረሙ።

ጀልባዋ ከደቅ ስትመለስ ሞተሯ ጠፋ፤ ማዕበሉ ሲንጣት ገመዱ ላልቶ ራዲዮውም ድምፁ ጠፋ። ተሳፋሪው በአጥማጆች ታንኳ ተረፈ፤ ተመስገን! ገመዱ ሲፈታ ጉዱ ወጣ። አቶ አስማማው ግን ዓይናቸውን በጨው ታጥበው፣ «እኔ መሣሪያ አቀበልሁ እንጂ ያሰረው እሱ ነው» ብለው መሰከሩ። አባታችን በፊርማቸው ተይዘው ከሥራ ተሰናበቱ፤ ሰው ሊያስፈጁ ነበር ተባለባቸው።

ከዚያ በኋላ በባሕር ዳር ሹም አቦ ሰፈር፣ ቤታቸው ውስጥ ራዲዮ እየጠገኑ ኖሩ። አልከሰሱም፤ አንድ ቀን አበልጃቸው መጥተው እውነቱን እንደሚናገሩ ጠበቁ። ስኳር ኩላሊታቸውን ጎድቶ አልጋ ላይ በዋሉ ጊዜ እንኳ፣ በር ሲንኳኳ ቀና ይሉ ነበር። አልመጡም። አባታችን ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ65 ዓመታቸው ባለቤታቸውንና ሁለት ልጆቻቸውን ትተው አረፉ።

አባታችን፣ የምናሴ የክርስትና አባት ናቸውና የአቶ አስማማውን ስም እንዳታነሡ ብለውን ነበር። በሌላው ሁሉ ታዘዝናቸዋል፤ በዚህ ግን አንጀታችን አሮ እንቢ አለን። አቶ አስማማው ዛሬ ከለቀስተኛው መካከል ቆመዋል።

ጌታ ሆይ፣ የአባታችንን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር አሳርፍልን። እርስዎም አቶ አስማማው፣ አፈሩ ሳይመለስባቸው ይናገሩ።