ለመቅደስ የለቀቅኩላት ጨዋታ

ሐሙስ

ዛሬም አየኋት፣ ዛሬም ሰላም አላልኳትም። እንጦጦ ዳገት ላይ፣ እኔ ስወጣ እሷ ስትወርድ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዚህ መንገድ እንተላለፋለን። እሷ ከሰፈሯ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ትነሳለች፣ እኔ ከኮተቤ በታክሲ መጥቼ ከሥር እጀምራለሁ። ስንገናኝ እሷ ፊቷን ወደ ባሕር ዛፉ ታዞራለች፣ እኔ የጫማዬን ክር አያለሁ። ሠላሳ ያለፍን ሁለት ሴቶች! ያሳፍራል። ግን ቀድሜ ሰላም ያልኩ እንደሆን ቅዳሜ የምሸነፍ ይመስለኛል።

ቅዳሜ ፍጻሜው ነው። የክፍለ ከተማው የሴቶች ቅርጫት ኳስ፣ ኮተቤ ከፈረንሳይ። ሰዉ ግን የቡድኖቹን ስም አይጠራም፤ “ራሔልና መቅደስ መቼ ነው የሚጋጠሙት?” ነው የሚለው። ለከተማው ምርጥ ቡድን አንድ ቦታ በቀረ ጊዜ እሷን መርጠው እኔን ተዉኝ። በሚቀጥለው ዓመት በክርኔ ከንፈሯን አፈነዳሁት። ሳላስበው ነው ብዬ ለሁሉም ተናግሬያለሁ። ለዚህ ደብተር አልዋሽም።

እናቷ እትዬ አስካለ ደግሞ አሉ። ከሜዳው ዳር የፕላስቲክ ወንበራቸውን አስቀምጠው፣ እኔ ኳስ በያዝኩ ቁጥር “ያቺን የመብራት እንጨት ያዙልኝ!” ይላሉ። የመብራት እንጨቷ እኔ ነኝ። እኔም አልተኛላቸውም። መቅደስን እየጠበቅኩ ጆሮዋ ሥር “እናትሽ ይግቡልሽ እንዴ? ካንቺ እሳቸው ይሻላሉ” እላታለሁ። ትበሽቃለች፣ ስትበሽቅ ኳሱ ከእጇ ያመልጣል። አሰልጣኛችን ጋሽ ግርማ ምላስሽን እንደ ስድስተኛ ተጫዋች ነው የምቆጥረው ይሉኛል። ባለፈው እናትየዋ ቀርተው ነበር። “ምነው፣ ስትሸነፊ ማየት ሰለቻቸው?” አልኳት። ያን ቀን በሰፊው አሸነፍን።

ለቅዳሜ፦ የጉልበት ማሰሪያ። ሙዝ። ነጭ ካልሲ (አንዱ እግር ጠፍቷል)። እንቅልፍ።

ዓርብ

ሦስት ክፍለ ጊዜ ስፖርት አስተማርኩ፣ ከዚያ ቀላል ልምምድ። ጉልበቴ ደህና ነው።

ልብስ ስንቀይር ቤቲ ወሬ ይዛ መጣች። ቤቲ የቡድናችን ትንሿ ናት፣ አክስቷ ፈረንሳይ ሰፈር ነው የምትኖረው። የመቅደስ እናት ሆስፒታል ከተኙ አንድ ወር ሊሞላቸው ነው አለች። መቅደስ እዚያ እያደረች ነው ልምምድ የምትሄደው።

አንድ ወር። ቆጠርኩት። ያን ቀን “ሰለቻቸው?” ያልኳት እሳቸው አልጋ ላይ እያሉ ነው።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ትላለች እማዬ፣ ሁልጊዜም እኔን እያየች። ልደውልላት አሰብኩ፤ ስልኳ የለኝም። ከቤቲ መቀበል እችል ነበር። ከጨዋታው በፊት ብደውል ሌላ ይመስላል ብዬ ተውኩት። ነገ ጨዋታው ሲያልቅ ይቅርታ እጠይቃታለሁ።

ቅዳሜ

48 ለ 47 ተሸነፍን።

በቅደም ተከተል ልጻፈው፣ አለበለዚያ እብድ እሆናለሁ። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሰውነት እያሟሟቅን አንድ ሰው በስሜ ጠራኝ። የመቅደስ ታላቅ ወንድም ዳዊት ነው። ዓይኑ ቀልቷል። ከግድግዳው ጀርባ ወሰደኝና “እናታችን ስድስት ሰዓት ላይ አረፈች” አለኝ። “መቅደስ አልሰማችም። አክስቶቻችን ነገ ጎህ ሲቀድ ትረዳ ብለዋል። ዛሬ ሆስፒታል የማድረው እኔ ነኝ ብዬ ቤት አሳድራታለሁ። ሂጂና ተጫወቺ ብላ ከአልጋዋ አጠገብ ያስነሳቻት እራሷ እማዬ ናት፤ ይቺን አንድ ቀን ትጫወትላት።”

እግዚአብሔር ያጽናህ አልኩት። ለምን ለእኔ እንደሚነግረኝ ግን አልገባኝም። እሱም አየኝና “አንቺ ሁልጊዜ ስለ እናቷ ታነሺባታለሽ። ዛሬ በአምላክ፣ አፍሽን ያዢልኝ” አለ።

በሕይወቴ ብዙ ተሰድቤያለሁ። እንደዚህ ግን ማንም ሰድቦኝ አያውቅም፤ ሰውየው ደግሞ እየለመነኝ ነበር።

ተጫወትን። አንድ ቃል አልወጣኝም። በሁለተኛው ሩብ መቅደስ እራሷ ጠጋ ብላ “ዛሬ ምን ነካሽ? ምላስሽን አሞሽ ነው?” አለችኝ። ፈገግ ብላለች! ደስ ብሏት ነው የምትጫወተው። እኔ ደግሞ ፊቷን ባየሁ ቁጥር “እናት የላትም፣ አታውቅም” እላለሁ በልቤ። ኳስ መቀበል ሁሉ አቃተኝ።

መጨረሻው ላይ በአንድ ነጥብ እየመራን ነው፣ ስድስት ሴኮንድ ቀርቷል። በቀኝ በኩል መጣች። የት እንደምትገባ አውቃለሁ፤ ዘጠኝ ዓመት ስዘጋው የኖርኩት መንገድ ነው። ደርሼ ቆሜያለሁ፣ እግሬ ተተክሏል። እና አንድ እርምጃ ወደ ጎን አልኩ። ገብታ አስቆጠረች።

ጋሽ ግርማ ጉልበትሽ ነው አይደል አሉኝ፣ አዎ አልኳቸው። ቤቲ ፎጣ ውስጥ ተደብቃ አለቀሰች። እሷን እንኳን አላሰብኳትም ነበር። የአሥር ልጆች ዋንጫ ነው ያለ ፈቃዳቸው የሰጠሁት።

መቅደስ ከጓደኞቿ ጋር ጨፈረች፣ ዋንጫውን ታቅፋ ፎቶ ተነሳች። ከዚያ ወደኔ መጣች። ሰላም ልትለኝ መስሎኝ እጄን ዘረጋሁ።

“ለቀቅሽልኝ” አለች። “ዘጠኝ ዓመት ጠብቄ በምጽዋት?”

ምን ልበላት? አደራ አለብኝ። ትንፋሽ እስኪያጥራት ተናዳ ሄደች።

እሑድ

መሄድ አልነበረብኝም።

እማዬ ተናግራ ነበር። “ለመርዶ የቅርብ ሰው ነው የሚሄደው፤ አንቺ ለቀብር ድረሺ” አለች። እኔ ግን እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ሌላው ሲያጽናናት ቤቴ መቀመጥ ነውር መሰለኝ። ታክሲ ተኮናትሬ አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ፈረንሳይ ደረስኩ። ጎረቤት ቤት ተሰብስበዋል። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ አሥራ አምስት የሚሆኑ ሴቶች፣ የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ታደሰ፣ አንድ ቄስ፣ ዳዊት። ዳዊት አየኝና ወደ ሴቶቹ ዞረ። ከሁሉም ኋላ ሆኜ ዳገቱን ወጣሁ።

የተማከሩት እንዲህ ነበር፦ ጋሽ ታደሰ ያንኳኳሉ፣ እንደምን አደርሽ ይላሉ፣ ያስቀምጧታል፣ አክስቷ እትዬ ዘነበች በአንድ ወገን፣ ጎረቤቷ በሌላው ይይዟታል። ከዚያ ቄሱ ቀስ አድርገው ይነግሯታል።

ግን የእኔን ቁመት ማን ይደብቀዋል? በሩን ከፈተች፣ ጋሽ ታደሰ አፋቸውን ሳይከፍቱ ከሴቶቹ አናት በላይ እኔን አየች። መጀመሪያ ግራ ገባት። “ራሔል? አንቺ እዚህ...” አለችና አቆመች። ነጠላዬን አየች። ዓይኗ ከእኔ ወደ ዳዊት፣ ከዳዊት ወደ እኔ።

“ለዚህ ነው?” አለችኝ።

ሌላው ሰው አልገባውም። እኔ ገባኝ። እናቷ መሞታቸውን የነገራት ትናንት የተውኩላት አንድ እርምጃ ነው። ማንም ሳይይዛት ደጃፉ ላይ ወደቀች። ጩኸቷን አልጽፈውም።

እትዬ ዘነበች በኋላ ገላመጡኝና “ልጄ፣ አንቺን ማን ጠራሽ?” አሉኝ። ቀብሩ በስምንት ሰዓት ሆነ። ሩቅ ቆምኩ።

ሰኞ

ከትምህርት ቤት በቀጥታ ለቅሶ ቤት ሄድኩ። ድንኳኑ መንገዱን ግማሽ ዘግቶታል። መቅደስ ፍራሽ ላይ ናት፣ በጥቁር ሻሽ። ጉልበቴን አጥፌ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ወደ ግድግዳው ዞረች።

ጓሮ ወጥቼ ብርጭቆ አጠብኩ። ማንም አላዘዘኝም፣ ማንም አትጠቢም አላለኝም። አንዲት ሴትዮ “የቤተሰብ ነሽ?” አለችኝ። የተቃራኒ ቡድን ነኝ ልላት ነበር።

ማክሰኞ

ሰልስት። ሰዉ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቀማምሶ ወጣ። እኔ እጅጌዬን ሰብስቤ ጓሮ ነኝ። መቅደስ ከኋላዬ መጥታ ቆመች።

“መቼ ነው ያወቅሽው?”

“ከጨዋታው በፊት።”

“ማን ነገረሽ?”

“ዳዊት።”

“ለምን ለአንቺ?”

መዋሸት ይቻል ነበር። “ስለ እናትሽ እንዳልቀልድብሽ ፈርቶ” አልኳት። ያን ቀን ሜዳ ላይ ያልኩትንም አነሳሁ፤ መታመማቸውን አላውቅም ነበር፣ ባውቅም ኖሮ ግን አፌን እንደምይዝ እርግጠኛ አይደለሁም አልኳት። ይቅርታ አድርጊልኝ አልኩ።

ስልኳን አወጣችና ፎቶውን አሳየችኝ። ዋንጫውን ታቅፋ፣ ጥርሷ ሁሉ እየታየ ትስቃለች። “እናቴ አስከሬን ክፍል ናት እዚህ ላይ” አለችኝ። “ወንድሜ ያውቃል፣ አንቺ ታውቂያለሽ። እኔ እጨፍራለሁ። ሰው ሁሉ ይልክልኛል፣ እንኳን ደስ ያለሽ እያለ።”

ወደ ቤት ገባች። ብርጭቆዎቹን ጨርሼ ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ አለቀስኩ። ረዳቱ ሒሳብ ሳይጠይቀኝ አለፈ።

ሐሙስ

ትናንት ምንም። እንጦጦ አልወጣሁም።

ለቡድኑ ነገርኳቸው። አንድ እርምጃ እንደተውኩ፣ ለምን እንደተውኩ። ጋሽ ግርማ አንገታቸውን ደፉ። ቤቲ ብቻ ናት የተናገረችው፦ “ብትነግሪን ኖሮ ሁላችንም እንለቅላት ነበር። ለብቻሽ ባትወስኚ።” ሃያ ዓመት ያልሞላት ልጅ። አፈርኩ።

ከሰዓት በኋላ የማላውቀው ቁጥር ደወለ። መቅደስ ናት። ሰላምታ የለም። የትምህርት ቤታችሁ ሜዳ ቁልፍ አንቺ ጋ ነው ወይ አለች። እኔ ጋ ነው አልኳት።

“ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት። ሁለታችን ብቻ፣ እስከ አሥራ አንድ ነጥብ። ካዘንሽልኝ ዓይንሽን ሁለተኛ አላየውም።”

አርባ ሳይወጣ ሐዘንተኛ ኳስ ስትጫወት ቢያዩ ምን ይላሉ? እኔስ ምን እባላለሁ? እሺ ብያታለሁ።

ቅዳሜ

መጣች። ለአክስቷ ቤተ ክርስቲያን እሳለማለሁ ብላ ነው የወጣችው። ከጥቁር ቀሚሷ ሥር ቱታ ለብሳለች፣ ጫማዋን በፌስታል ይዛለች። ቀሚሱን አጥፋ ከነጠላዋ ጋር አጥሩ ላይ አስቀመጠች። ከስታለች። ሜዳው ላይ ከሁለታችን በቀር ዘበኛው አባባ ወልዴ ብቻ ናቸው፤ ሊቆጡ መጥተው የሻሿን መጥቆር ሲያዩ ተመለሱ።

መጀመሪያ አልቻልኩም። ሦስት ለዜሮ መራችኝ። አራተኛውን ልታገባ ስትል እጄን አነሳሁ፣ ግን እንዲሁ ለይምሰል ነው። ኳሱን ትታ በሁለት እጇ ደረቴን ገፋችኝ። “ተጫወቺ!” አለች። “አንቺም እንደነሱ አትሁኚ!”

ከዚያ ተጫወትኩ። እውነቴን ነው የምጽፈው፣ በሙሉ ጉልበቴ ነው የተጫወትኩት። ቀኟን ዘጋሁባት፣ ግራዋን ዘጋሁባት፣ ሁለቴ ኳሱን ከእጇ ላይ መታሁት። አንዴ ወደቀች፤ አላነሳኋትም። አሥራ አንድ ለአምስት አሸነፍኳት።

መስመሩ ላይ ቁጭ አለች። ላብ መስሎኝ ነበር፤ እያለቀሰች ነው። እንደ እሑዱ አይደለም፣ ያለ ድምፅ። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሳምንቱን ሁሉ ሰው እንደ እንቁላል ይዞኛል አለች። ብይ፣ ጠጪ፣ አይዞሽ፣ እሷ እኮ አረፈች። ማንም እውነቱን ፊት ለፊት አይነግረኝም። አንቺ አሁን ስትጥይኝ ነው በቃ መሞቷ የገባኝ አለች።

ውሃ ሰጠኋት። ጠጣች፣ የተረፈውን ፊቷ ላይ ደፋችው።

“አንቺ ብትሆኚ እንዲነግሩሽ ትፈልጊ ነበር?” አለችኝ።

አሰብኩ። “አላውቅም” አልኳት። አላውቅም።

“እኔ ግን እነግርሻለሁ” አለች። “ፍጻሜም ይሁን ምንም ይሁን፣ ጨዋታውን አስቁሜ እነግርሻለሁ። ከሌላ ሰው አትሰሚም።”

እንደዚህ ያለ ነገር ማንም ቃል ገብቶልኝ አያውቅም። እሺ አልኳት። ስለ ይቅርታው ሁለታችንም አላነሳንም። ቀሚሷን ለብሳ ነጠላዋን አዘቀዘቀች፣ መገናኛ ድረስ ሸኘኋት።

ቤት ስገባ እማዬ አልጋው ላይ ልብስ ታጥፋለች። ለምን ላብ በላብ እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። ሩጫ ነው አልኳት፣ ከዚያ አይደለም ብዬ ሁሉንም ነገርኳት። አልተቆጣችም፣ ማጠፏን ቀጠለች። አጠገቧ ተቀመጥኩና የአንሶላውን አንድ ጫፍ ያዝኩላት።