ቤተ ጊዮርጊስን የደፈነው ቁልፍ

ሰኞ፣ ኅዳር 16፤ ከቀኑ 9 ሰዓት

መብራት ጠፋ። እንደገና። ፕሮግራሙ ግማሽ ደርሶ ነበር፤ አሁን ከዜሮ። የት/ቤቱ ኮምፒውተር ክፍል ጨለማ፣ እኔ በረንዳ ላይ፣ አንቺ ደብተሬ ጉልበቴ ላይ።

አልነገርኩሽም መሰለኝ፤ የደቡብ ዋልታን በረዶ ከፍታ እየለካሁ ነው። ከላስታ። ሳተላይት አንዱን ቦታ ከሁለት አቅጣጫ ያነሳዋል። ጣትሽን በአንድ ዓይን እዪ፣ ከዚያ በሌላው፤ ይዘላል። (ጣት የለሽም፣ ይቅርታ።) የቀረበው ብዙ ይዘላል፣ የራቀው ትንሽ። ፕሮግራሙ ከዝላዩ ከፍታውን ያሰላል። ችግሩ ነጭ ላይ ነጭ ነው። አንዷን የበረዶ ነጥብ በሁለቱም ፎቶ ማግኘት፣ በልደት ዕለት አባዬን ከነጭ ለባሹ ሕዝብ መሀል እንደመፈለግ።

ዓርብ የሳይንስ ቀን። የፊዚክሱ ቲቸር አያሌው የመረጠው ሥራ ለውድድር ወልድያ ይሄዳል፣ ከነሠሪው። መሄድ እፈልጋለሁ። በጣም። ከጋሸና አልፌ አላውቅም።

አባዬ ቄስ ናቸው። ሰው የማይኖርበትን አገር ከፍታ ማን ጠየቀሽ አሉኝ። ሰባቱን ሰማያት አንድ በአንድ ሲያስረዱ ግን ማን ጠየቀዎት ያላቸው የለም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17

ካርታው ወጣ። ያምራል። መሀሉ ላይ ግን አንድ ጉድጓድ፤ ጥልቅ፣ ጠርዙ ቀጥ ያለ። ቲቸር በደንብ ሳያየው ስህተት ነው አለ። (ፊት ለፊት “እርስዎ” ነው የምለው፤ እዚህ ማን ይሰማኛል።) “ጉድጓድ ሙላ” የሚል ቁልፍ አለ፤ ተጫኚው አለኝ። ቲቸር ቁልፍ ይወዳል። ጥላ አሳስቶት ይሆናል፣ እውነትም ይሆናል፣ በሌላ ቀን ፎቶ እናጣራ አልኩ። መሬት እንዲህ ቀጥ ብሎ አይወርድም አለ። ይህን የሚለኝ ቤ/ጊዮርጊስ ክርስትና የተነሳ ሰው ነው። አፋፉ ላይ ቆመሽ ጣሪያውን ከእግርሽ በታች የምታዪው ቤ/ክ።

ረቡዕ

ተንኮል መጣልኝ። የላሊበላን ሁለት ፎቶ ወስጄ ያንኑ ቁልፍ ተጫንኩ። ቤ/ጊዮርጊስ ጠፋ። ሜዳ። በሬ ይጠመድበታል።

ራት ላይ ለአባዬ ነገርኳቸው፤ የቲቸር ቁልፍ ቤ/ጊዮርጊስን ደፈነው። አልሳቁም። በምን ድንጋይ፣ አሉ። ኮምፒውተር ላይ ነው አልኩ። “ማን ፈቀደለት?” ማስረዳት ስጀምር ጋቢያቸውን አንስተው ወጡ።

ቲቸር የአባዬ የንስሐ ልጅ መሆኑን ረስቼ።

ሐሙስ

ቲቸር ደረጃውን ጉልበቱን ይዞ ወጣ። አባዬ ስግደት አዘውበታል። ለቁልፍ። የንስሐ አባት ሲያዝ ለምን አይባልም፤ ፊዚክስም ይሰግዳል። ሊያስቀኝ ይገባ ነበር። ጉድጓዱን ካልደፈንሽ ወልድያን እርሺው አለኝ፣ ዓይኔን ሳያይ።

አባዬን ያማልዱኝ አልኳቸው።

“በረዶውንማ ድፈኚው ልጄ። ታቦት የለበት።”

ይኸው አማላጅ።

የሌላ ቀን ፎቶ እያወረድኩ ነው። ኔትወርኩ ከቲቸር ጉልበት ይብሳል።

ዓርብ፣ ጧት

ወረደ። ጉድጓዱ ያለበት ቦታ ላይ ደመና። ልክ እዚያው ላይ፤ ሌላው ሁሉ ጥርት ያለ። አልቅሺ አልቅሺ አለኝ።

እንግዲህ አላውቅም። ጉድጓድ ይሁን ስህተት፣ አላውቅም። ቲቸርም አያውቅም፤ እሱ ግን ቁልፍ አለው። ጣቴን ቁልፉ ላይ አሳረፍኩ። ቆየሁ። ወልድያን አሰብኩ፣ አውቶቡሱን፣ መስኮት ዳር።

አልደፍነውም።

ከጉድጓዱ አጠገብ “አልተጣራም” ብዬ ጻፍኩ። ከጎኑ ሜዳ የሆነችውን ላሊበላ ሰቀልኩ፤ ከሥሯ የቁልፉን ስም። ያየ ያወዳድር።

ዓርብ፣ 5 ሰዓት

ቲቸር ሁለቱን ካርታዎች አየ። ወደሚቀጥለው ሥራ አለፈ። ወልድያ ቀረች መሰለኝ።

አባዬ መጡ። የኛ አገር የቱ ነው አሉ። አሳየኋቸው። ቤ/ጊዮርጊስን በጣታቸው ፈለጉ። መንገዱን ይዘው ወረዱ፣ ተመለሱ፣ እንደገና ወረዱ። ጣታቸው ሜዳው ላይ ቆመ። ከዚያ በረዶው ላይ ያለውን ጉድጓድ አዩ። ወደ ቲቸር ዞረው፣ “ይኼን ግን እንዳትደፍነው፤ ታቦት ቢኖርበትስ?” አሉት።