ሞላው ውስጥ የቀረው ጉልበትሽ

ለትብለጥ፣ ለእኔዋ፤

ትንሿን ካቻቢቴዬን የት እንዳስቀመጥሻት ሳትነግሪኝ መሄድሽ ደግ አላደረግሽም። በእሷ የማር ማሰሮ ክዳን ስትፈለቅቂ አይቼ ዝም ያልኩሽ ነገ ትመልሳለች ብዬ ነበር። ከተለያየን ሁለት ክረምት አለፈ፣ እኔ እስካሁን በቢላዋ ጫፍ ነው የምሠራው። ጣቴን ብታዪው ታዝኚ ነበር። ወይም ትስቂ ነበር።

ቤቱ እንደነበረ ነው ብልሽ አታምኚኝም፣ ስለዚህ እውነቱን ልንገርሽ። ስትቀመጪባት በነበረችው ዱካሽ ላይ ያቺ ቀይ ዶሮ ትተኛለች። ባባርራት ተመልሳ እዚያው ስለሆነች ትቻታለሁ። የእህቴ ልጅ ሰላም ከደሃና መጥታ እኔ ዘንድ ሆና ትማራለች። ሽሮዋ ካንቺ ሽሮ ይቀጥናል። ይህን ስነግራት "እንግዲያው አጎቴ ራስዎ ይሥሩት" ትለኛለች። ባጃጅም አሁን እስከ ደጃችን ይመጣል። እግርሽን ሲያምሽ አንድም ቀን ያልመጣው ባጃጅ ዛሬ በራችን ላይ ቆሞ ጡሩምባ ይነፋብኛል።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። የሹፌሩን ሣጥን ከፈትኩት።

"ስሙ ግራሞፎን ነው" ትይኝ ነበር። ለእኔ ግን የሹፌሩ ሣጥን ነው። ኃይሉ ከአስመራ በጭነት መኪናው አምጥቶ ሲሰጥሽ እኔ ገና ስምሽንም አላውቀውም። አባትሽ "ቤቱ ጎማ ላይ ላለ ሰው ልጄን አልድርም" ብለው ባይመልሱት ኖሮ ይህን ደብዳቤ ዛሬ የሚጽፍልሽ እሱ ነበር። እሱ ወደ ወልድያ ወረደ፣ ሣጥኑ ግን ካንቺ ጋር እኔ ቤት ገባ። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለሺ ነጠላሽን እንኳ ሳታወልቂ መዘውሩን ታዞሪና ዓይንሽን ጨፍነሽ ትሰሚያለሽ። እኔ ደጃፉ ላይ የሰው ሬዲዮ እየፈታሁ "ኃይሉ ደህና አደረ ወይ?" እልሻለሁ። "ደህና ነው፣ ሰላም ብሎሃል" ትይኛለሽ፣ ዓይንሽን ሳትገልጪ። ቀልድ ነበር። ግን ለምን ዓይንሽን አትገልጪም ነበር?

የቆመ ጊዜ ልጠግነው ስል "አንተ ልትበቀለው ነው" ብለሽ ቆለፍሽበት። ነገሩ ልክ ነበርሽ።

ሰሞኑን አወጣሁት። የላይ ብሎኖቹ ዝገው ነበር። ነጭ ጋዝ ጠብ አድርጌባቸው አሳደርኩና በእንጨት ቀስ እያልኩ መታሁ። ጥቂት ወደ ማጥበቂያው፣ ጥቂት ወደ መፍቻው እያመላለስኩ ሳባብላቸው ለቀቁ። የዛገ ብሎን በጉልበት እንደማይፈታ ማንም አላስተማረኝም፣ የጎረቤቱን ሁሉ ብሎን ሰብሬ ነው የተማርኩት።

ውስጡ ግን ዝገት አልነበረም። ማሽኑን በሚያዞሩት ጥርሶች መሀል ቢጫ ነገር እንደ ሰም ደርቆ አንቋቸዋል። ሣጥኑን አውጥቼ ፀሐይ የመታው ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩት። እየሞቀ ሲሄድ ያ ነገር ላላና ሽታው መጣ። የአሪቲ ሽታ ነው። ጠጉርሽን የምትቀቢው ቅቤ ነው፣ ትብለጥ። የበሬ ጠፍር እንዳይደርቅ እንደምትቀቢው ማሽኑንም እንዳይደርቅ ቀብተሽዋል። ቅቤ ቆዳ ያለሰልሳል፣ ብረት መሀል ዓመታት ሲቆይ ግን ሙጫ ይሆናል። ያቆምሽው ራስሽ ነሽ።

መጀመሪያ ሳቅሁ፣ ቀጥሎ ተናደድኩ። ራሴን ሲያመኝ "ትንሽ ቀቢኝ" ብልሽ "ለራሰ በራ ቅቤ ማባከን ነው" ያልሽኝ ሴትዮ፣ የሹፌሩን ሣጥን በጣትሽ አንድ በአንድ ቀብተሽዋል። የምለውን ሁሉ አልኩት። ሰላም ሰምታ "አጎቴ፣ ሣጥኑን ይሰድቡታል እንዴ?" አለችኝ። "ይገባዋል" አልኳት።

ቅቤውን በጨርቅ ጠርጌ የመጨረሻውን ጥርስ በዶሮዋ ላባ ነጭ ጋዝ አስነካሁት። ያኔ የዘፈን ሸክላ የሚያርፍበት ሳህን በራሱ ዞረ። መዘውሩን አልነካሁትም። ለካ ሞላው፣ ውስጡ ያለው ጥምዝምዝ ብረት፣ እንደተጠመጠመ ኖሯል። ያን ጊዜ እስከ መጨረሻው አዙረሽው፣ ጥርሱ ተያዘ፣ ጉልበትሽም እዚያው ታስሮ ቀረ። እጅሽ አፈር ከገባ በኋላ፣ ያኔ ያዞርሽው ገና አሁን መፈታት ጀመረ።

ማቆሚያውን ቶሎ ገፋሁት። ስንት ዙር እንደቀረው አላውቅም። እሱ ካለቀ በኋላ የሚዞረው በእኔ ክንድ ነው። ሸክላዎችሽ ቤት ስንቀይር ተሰባብረዋል፣ ያለ ዘፈን በባዶው እንዲያልቅ ደግሞ ሳሳሁ። ሰላም "እስቲ አንዴ ልየው" ብትለኝ እንኳ እምቢ ብዬ ከድኜዋለሁ። ቅናት መሆኑን አላጣሁትም። በኃይሉ ቀንቼ ጨረስኩና አሁን በሞላ ቀናሁ። እኔ ስለቀው እሱ እጅሽን ይዞ ቆይቷላ።

በር ተንኳኳ። ትንሽ ቆዪኝ።

ሰላም አይታ ተመለሰች። "አንድ ሽማግሌ ናቸው፣ አጎቴ። ከወልድያ በአውቶቡስ ነው የመጣሁት፣ ዘግይቼ ነው የሰማሁት፣ ለቅሶ ልደርስ ነው አሉ። ኃይሉ ነኝ በይው አሉኝ። በጋቢ የተጠቀለለ ክብ ነገር ይዘዋል።"

ክቡ ነገር ሸክላ መሆኑን ሳላየው አውቄዋለሁ።

እንግዲህ ለቅሶ ብሎ የመጣን ሰው ከደጅ እንዴት እመልሰዋለሁ? ገብቶ ይቀመጣል፣ ስላንቺም ይወራል። እኔ ሳላውቅሽ የሳቅሽው ሳቅ ያለው እሱ ዘንድ ነው። እኔ ዘንድ ደግሞ የእጅሽ ጥቂት ዙር አለ። እሱ የልጅነትሽን ያውራልኝ፣ እኔም ማቆሚያውን እለቅለታለሁ። ሞላው ሲያልቅ በየእሑዱ እኔ አዞረዋለሁ፣ እንዳንቺ ዓይኔን ጨፍኜ። ማንን እንደማይ ታውቂያለሽ። ቅቤ ግን አላስነካውም።

ዶሮዋ ዱካሽ ላይ እንዳለች ትቆይ። እዚያ እሱ አይቀመጥም። ልክፈትለት።