ኤረምቤ የደፋችው ልጃችን

ኦምባካ መንደር፣ ከኦፑዎ ማዶ
ነሐሴ 12

ለቬያሩካ አባት፣ ባሕሩ ዳር ላለኸው፤

እንደምን ሰነበትክ? እኛ ከከብቶቹ መክሳት በቀር ደህና ነን። ስልክህን ስለማታነሳ ነው የምጽፍልህ። ከድንኳኑ ትምህርት ቤት የለቀምኳት ፊደል ናትና ብትጣመም አትሳቅ።

አምና የምታስጎበኛቸውን ፎቶ አንሺዎች ይዘህ ስትመጣ የጉዞውን ወረቀት አንብበህልኝ ነበር። ማክሰኞ አሸዋው፣ ረቡዕ ዝሆኖቹ፣ ሐሙስ እኛ። ሳቅኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያልረገጥከውን ደጅ በመርገጥህ ደስ ብሎኝ ስለነበር በምንም እስቅ ነበር።

ከዚያ አንዱ ቬያሩካን አየና «ወጣት እናት ነው ማንሳት የምፈልገው» አለህ። አንተም ወደ እኔ ዞርክ።

«ኤረምቤሽን አምጪና እሰሪላት።»

«ምን ነካህ? ያገባች ሴት ራሷ ላይ የምትደፋውን ቆዳ? ልጅቷ ገና መቼ ተዳረች?»

«አንቺ ደግሞ ነገር ማክረር ትወጃለሽ። ለትንሽ ደቂቃ ነው። እነሱ አገር ማን ያውቀዋል?»

አሰርኩላት፤ በገዛ እጄ። የእህቴንም ሕፃን አሳቀፍኳት። እንቢ ብል አኩርፈህ ትሄዳለህ ብዬ ፈርቼ ነው።

በግንቦት ያ ፎቶ ኦፑዎ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ የሰው ቁመት ያህላል አሉ። የእጮኛዋ አባት ቾንጎ ጨው ሊገዛ ወርዶ አየው። ቤቱ እንኳን ሳይገባ በቀጥታ ወደ እኛ መጣ።

«የታቀፈችው የማንን ልጅ ነው?»

«የእህቴን ነው። አባቷ ለፎቶ ብሎ ነው እኮ፣ ያሰርኩላትም እኔ ነኝ።»

«ሙሃፒኳ፣ እኔ ኤረምቤ ለደፋች ልጅ የጥሎሽ ከብት አልነዳም። ባሏን ፈልጊና እሱ ይንዳ።»

ማልኩ፤ ተገዘትኩ። እናት ለልጇ ምን የማትለው አለ፣ አሉኝ። በቅዱሱ እሳት ፊት ተቀምጦ ለሞቱት አባቶች እውነቱን የሚናገር የቤቱ ጌታ ነው። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ በወንድምህ ስልክ ደወሉልህ። ድምፅህን ሁላችንም ሰማን፤ ቬያሩካም አጠገቤ ነበረች።

«የምን ፎቶ እንደምታወሩ አላውቅም» አልክ።

ለምን እንዳልክ ይገባኛል። ለፎቶ አንሺዎቹ እውነተኛ እናት ናት ብለህ ምለህላቸዋል፤ የዋሸ አስጎብኚ ደግሞ ዳግመኛ አይቀጠርም። ለእንግዳ የሰጠኸውን ቃል ጠበቅክ። እኔን ትተኸኝ ስትሄድ አልተቀየምኩህም ነበር። አሁን ግን ተቀይሜሃለሁ፤ እወቀው።

ቾንጎ ጨረቃ እስክትሞላ እጠብቃለሁ ብሏል። አንድ ቀን ይበቃል። መጥተህ እሳቱ ዘንድ ተቀመጥና «እኔ ነኝ ያስደፋኋት» በል፤ ከዚያ ወደ ዝሆኖችህ ተመለስ። ካልመጣህ ለልጁ ሌላ ያጩለታል፤ እሷን ደግሞ ከእንግዲህ የሚጠይቃት የለም። ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ ሴቶቹ «ባልሽ እንዴት ነው?» ይሏታል።

እሷ አታለቅስም። ትናንት ወተት ስትንጥ ቆየችና ቅሉን አቆመች።

«እማ፣ አባባ አላውቅም ያለው ፎቶውን ነው ወይስ እኔን?»

ፎቶውን ነው አልኳት። መልሳ መናጥ ጀመረች።

አባቶችህ መንገድህን ያቅኑልህ፤ ወደዚህ ከሆነ።

የልጅህ እናት
ሙሃፒኳ