ሚኒሞው ውሃ ውስጥ ያዘ

ያዘ! ወዳጆ፣ ያዘልን! ያ የተረገመ የውሃ ሞተር ትናንት ውሃ ውስጥ ሆኖ ሚኒሞው ያዘ! ጅሬኛም ሰው ሁሉ እየሰማው በገዛ አፉ «ይምጣ» አለ። ትመጣለህ! ቤትህ ትገባለህ!

እንግዲህ ሰላምታዬን አሁን ተቀበለኝ። ውድ ወንድሜ ወዳጆ፣ እንደምን ከርመሃል? እኔ ከሁለት የፊት ጥርሴ በቀር ምንም አልጎደለብኝም። ዛሬ ሰኞ ጥቅምት 9 ነው። ወረቀቱ ግራሶ ከነካው ይቅር በለኝ፤ ደስታው እጄን እንኳ አላስታጠበኝም። በስልክ ልነግርህ ነበር፤ የሚሌ መስመር ሁለት ቃል ተናግረው ሦስተኛው ላይ ይቆረጣል። ደግሞም በስልክ የማይወጣልኝ ነገር አለ።

ይህን ደብዳቤ ጮክ ብለህ አንብበው፤ አብዱልሐሚድና ሚስቱ መኪያም ይስሙት። በከባድ መኪናው ጭኖ ሚሌ ድረስ የወሰደህ፣ ዓመት ከአራት ወር ከልጆቹ ጋር ያበላህ ሰው፣ «ከሰው ተጣልቼ ነው» ከማለትህ በቀር ምን ያውቃል? አንተስ ብትሆን ከሮጥክ በኋላ የሆነውን መቼ ሙሉውን ሰማህ?

ከሚሌንየሙ ዓመት ሰኔ ልነሣ። ጅሬኛ፣ ያ አብሮህ የተማረ የቡልቡላ ልጅ፣ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ሎጅ ተቀጥሮ እንግዳ የሚያንሸራሽርበትን ጄት ስኪ፣ ያንን የውሃ ሞተር፣ በፒክአፕ ጭኖ ጉርድ ሾላ ጋራዣችን አመጣው። «የቤንዚን መስጫውን ስለቅ ይጠፋል፤ ሚኒሞ አይይዝም፣ ቆሞ በዝግታ መተንፈስ አያውቅም» አለ። አንተም ካንዴላውን ቀየርክ፣ ካርብራተሩን ፈትተህ አጠብክ፣ እንዳይግል ከበርሜል በጎማ ውሃ እየሰጠኸው የሚኒሞዋን ብሎን እያዞርክ በጆሮህ ቃኘኸው። እንደ ኮሮላ ለስለስ ብሎ ሲተነፍስ ጠርተኸኝ «እታለም፣ ነይ ስሚው!» አልከኝ። ጅሬኛ ግንባርህን ስሞህ ሄደ።

በሦስተኛው ቀን ተመለሰ። ሐይቁ ላይ በኃይል መጥቶ ወደ መውጫው ሲቃረብ የቤንዚን መስጫውን ለቀቀ፣ ሞተሩም ጠፋ። ያ ነገር ደግሞ ሞተሩ ከጠፋ መሪው ለጌጥ ነው። ቀጥ ብሎ ሄዶ ከብረት ምሰሶ ጋር አላተመው። የትከሻው አጥንት ተሰብሮ፣ ከንፈሩ ለሁለት ተሰንጥቆ፣ ሸሚዙ በደም ተነክሮ ነው በራችን ላይ የቆመው።

«ካርብራተሬን የት አደረስከው?» አለህ።

«የምን ካርብራተር?»

«አሮጌ ገጥመህ ልትገድለኝ? ሌባ!»

«ሌባ ማን ነው?»

«አንተ ነህ! ወንድም ነው ብዬ አምኜህ፣ አንተ ሌባ!»

በደህና እጁ አፍንጫህን አለህ። አንተ ደግሞ እጅህ ላይ ትልቁ የብሎን መፍቻ ቁልፍ ነበረ። ምነው ያን ጊዜ ጨርቅ ይዘህ በነበር! ድምፁ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም፤ እርጥብ እንጨት ሲሰነጠቅ እንደሚሰማው ነው። ደሙ ነጩ ኮሮላ ኮፈን ላይ ተረጨ። ጅሬኛ ፊቱን ይዞ በጉልበቱ ሲወርድ በጣቶቹ መሀል ዓይኑ ሲፈስ አየሁ። አንተም አየህ። ከዚያ ሮጥክ።

ሰዓት አልሞላም፣ ሦስቱ ወንድሞቹ ፌሮ ይዘው መጡ። የሰው መኪና መስታወት አንድ ሳያስቀሩ አረገፉት። መደርደሪያውን ገለበጡት። ትልቁ፣ ገብረየስ፣ «የት ደበቅሽው?» ብሎ በቡጢ አፌን ሲለኝ ሁለቱ ጥርሶቼ መሬት ላይ ሲንኳኩ ሰማሁ። እኔም የምተኛ መሰለህ? የተቃጠለ ዘይት በባልዲ ፊቱ ላይ ደፋሁበት፤ ያንቀኝ ዘንድ ሲመጣ ጣቱን ነክሼ ሁለት ሰው ነው ያላቀቀን። ሲወጣ እንዲህ ብሎ ማለ፦ «ወዳጆ ከቡልቡላ እስከ ኤርፖርት በየትም ከታየ ሁለቱንም ዓይኑን እናወጣለን!» ይህ ሰው የማለውን እንደሚያደርግ አንተም እኔም እናውቃለን።

አሁን በስልክ ያልወጣልኝን ልናገር። ወንድሜ፣ እኔም ጠርጥሬህ ነበር። በዚያው ሳምንት ካርብራተር በጋዜጣ ጠቅልለህ ወደ መርካቶ ስትወጣ አይቼሃለሁ፤ የማን እንደሆነ አልጠየቅኩህም። ሦስት ወር ሙሉ በአደባባይ «ወንድሜ ሌባ አይደለም!» እያልኩ ከሰው ጋር ስቧቀስ፣ በልቤ ግን «ሰርቆ ይሆን?» እል ነበር። ኋላ አንድ ባለ ላዳ መጥቶ «ወዳጆ ላስቀይርልህ ብሎ የወሰደው ካርብራተሬስ?» ሲለኝ ያለሁበት ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሰውዬው ስለ ዕቃው ያለቀስኩ መስሎት «ተይው እመቤቴ፣ ይቅር» አለኝ።

ከዚያ ወዲያ እልህ ያዘኝ። ጅሬኛ ያን ቀን መልሶ ጭኖት የመጣውን ሞተር ሎጁ አልፈልግም ብሎ ጋራዣችን ጓሮ ጥሎት ቀርቷል። ሸራውን ገፍፌ ጀመርኩ። ቤንዚኑን አፍስሼ አዲስ ሞላሁ። ፊልትሮውን ቀየርኩ። ካርብራተሩን ከፍቼ እያንዳንዷን ቀዳዳ በመርፌ አጸዳሁ፣ ጎማዎቹን አየር ያስገቡ እንደሆነ በሳሙና ውሃ አየሁ። ምንም የለበትም! እኔም በበርሜሉ ውሃ እያቀዘቀዝኩ ሳስነሣው ሚኒሞው ቀጥ ያለ ነው። እንግዲያስ ሐይቁ ላይ ለምን ጠፋ? ዓመት ሙሉ ስንት ጊዜ በእግሬ እንደረገጥኩት አልነግርህም።

ዘንድሮ በመስከረም ኦቦ ቀነኒሳ መጡ። ቡልቡላ መሬቱ ለቤት ሳይመራ በፊት ወፍጮ የነበራቸው፣ አሁን የሁለታችንም ቤተሰብ ሽማግሌ የሆኑት። የጅሬኛን ቤተሰብ ቃል ነው ያመጡት፦ «ሰርቆ ከሆነ እርቅ የለም፤ ተሳስቶ ከሆነ እንቀመጣለን።» እኔ ሞተሩን አስነሥቼ፣ «ይስሙት እስቲ! ይህ ምን ጉድለት አለው?» አልኳቸው።

ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙት። «ልጄ፣» አሉኝ፣ «ወፍጮም ባዶውን ሲዞር ይዘፍናል። ጉዱ የሚታየው እህል ስታፈሺበት ነው።»

ቁልፉ ከእጄ ወደቀ። ውሃው ነዋ! የሞተሩ ሸክም ውሃው ነው! መሬት ላይ የሚገፋው ነገር የለውም፤ ለዚያ ነው በትንሽ ቤንዚን ለስለስ ብሎ የሚተነፍሰው። ውሃ ውስጥ ሲገባ ግን ያቺ ትንሽ ቤንዚን አትበቃውም። አንተ እንደ መኪና ቃኘኸው፤ ጉርድ ሾላ ላይ ሐይቅ ከየት ታመጣለህ? የሽማግሌውን ጉልበት ስሜ ስሜ ሊሞቱብኝ ነበር።

ሐይቁንም አገኘሁት። ከጋራዡ ጀርባ ያ የፎቅ መሠረት ተቆፍሮ፣ ሲሚንቶ ጠፍቶ ሥራው ቆሟል፤ ክረምቱ ሞልቶት እንቁራሪት ይጮኽበታል። ትናንት እሑድ ከቅዳሴ መልስ ስድስት የቀን ሠራተኞች ሞተሩን በገመድ አወረዱልኝ። በአንዱ ዳር ኦቦ ቀነኒሳና ሁለት ሽማግሌዎች፣ በሌላው ዳር ገብረየስና ወንድሞቹ። ዱላ አትያዙ ተብለው ዱላ ይዘው መጥተዋል። ጅሬኛ ጥቁር መነጽር አድርጎ መሀላቸው ቆሟል።

መጀመሪያ ዳር ላይ አስነሣሁት፤ ለስለስ አለ። ገብረየስ ሳቀ። «ይኸው ይሠራል! ለዚህ ነው የጠራሽን?»

«ቆይ» ብዬ ቀሚሴን ወገቤ ላይ አስሬ ገባሁ። ውሃው እስከ ደረቴ ደረሰ። ሞተሩን ገፍተው ሰጡኝ። አስነሣሁት፤ ሦስት ጊዜ አንገራግሮ ጠፋ። ደገምኩ፤ ጠፋ።

«ይኸው ሌባው! አሮጌ ገጥሞ!» ብሎ ገብረየስ ዘሎ ገባ። ፀጉሬን ጨምድዶ ውሃ ውስጥ ደፈቀኝ። ጭቃ ዋጥኩ። ቀና ብዬ «ብሎኗን...» ስል መልሶ ደፈቀኝ። እጄ ላይ ካቻቪቴ ነበረ፣ ወዳጆ። ጎኑ ላይ ልሰካው አነሣሁት። እዚያው ውሃው ውስጥ አንተ ታየኸኝ፤ ቁልፉን እንዳነሣህ። ካቻቪቴውን ነክሼ ያዝኩትና በሁለት እጄ ቀበቶውን ጎትቼ አብሬው ሰጠምኩ። ዳር ላይ ያሉት ዱላ ተማዘዙ፤ አንዱ የቀን ሠራተኛ ግንባሩ ተፈነከተ።

«ልቀቃት!» ሲል ሰማሁ። ጅሬኛ ነው። «ገብረየስ፣ ልቀቅ ብዬሃለሁ! የጠፋው ዓይን የእኔ ነው። ብሎኗን ታዙርና ልየው።»

እያሳለኝ፣ ከአፍንጫዬ ደም እየወረደ፣ ሩብ ዙር አዞርኩ። አስነሣሁት፤ ጠፋ። ሌላ ሩብ፤ ቆየት ብሎ ጠፋ። አንድ ሙሉ ዙር ስደርስ... ያዘ! ውሃው ላይ ተቀምጦ መተንፈስ ጀመረ፣ አላቆመም። 

ጅሬኛ መነጽሩን አወለቀ። ዓይኑ የነበረበት ቦታ እንደ ከረጢት አፍ ተጨማዷል። ውሃው ውስጥ ገብቶ ሞተሩ ላይ ወጣ። ዙሪያውን አንዴ ዞረ፤ ከዚያ ፌሮው ተገትሮ ወደቆመበት የኮንክሪት ግድግዳ በኃይል ሄደና፣ ልክ እንደዚያን ቀን፣ የቤንዚን መስጫውን ለቀቀ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሞተሩ አልጠፋም። መሪውን ጠምዝዞ፣ ሽማግሌዎቹን በውሃ አጥቦ፣ አጠገቤ መጥቶ ቆመ።

«አልጣሽ፣ አሮጌ ካርብራተር ቢሆን በአንድ ዙር ብሎን አይድንም ነበር።»

«አይድንም።»

«አልሰረቀም ማለት ነው።»

«አልሰረቀም። ደረቅ መሬት ላይ ቃኘው፣ ሞኝ።»

ሞተሩን ሳያጠፋ ብዙ አዳመጠው። «ዓይኔስ አይመለስም፣» አለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ወዳጆ ግን ይምጣ። የነካው ሰው ከእኔ ጋር ነው ጠቡ።»

ኦቦ ቀነኒሳ ወደ ገብረየስ ዞረው፣ «ለእሷ ጥርስ ደግሞ አንተ ለእርቅ ትቀመጣለህ» አሉት።

«እሷስ ጣቴን ነክሳኝ የለ?»

«በቀረኝ ጥርስ ነው!» አልኩት። ሰው ሁሉ በሳቅ ወደቀ፤ እሱም ጭቃው ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ።

እንግዲህ ስማኝ። መጀመሪያ ፖሊስ ጣቢያ ትቀርባለህ፤ ሽማግሌዎቹ አብረውህ ይገባሉ፤ የምትጠየቀውን ቆመህ ትጠየቃለህ። ከዚያ በጉማው፣ በኦሮሞ የደም እርቅ ሥርዓት፣ በግ ይታረዳል፤ ከጅሬኛ ጋር ከአንድ ትሪ ትጎርሳላችሁ። ስለ ሚኒሞው «ውሃውን አላሰብኩም» በል፤ እውነት ነው። ለቁልፉ ግን ምንም ምክንያት እንዳታቀርብ። ለቁልፉ ጉልበቱ ላይ ወድቀህ ይቅርታ ብቻ። እኔን ደግሞ ለዚያ ሦስት ወር ይቅር በለኝ።

አብዱልሐሚድና መኪያ ልጆቻቸውን ይዘው ካልመጡ እንዳትመጣ። ለእነሱ የተለየ በግ አስሬያለሁ፤ አብዱልሐሚድ በገዛ እጁ ይረደው፣ ድስቱም ለብቻው ነው። የቡልቡላ ዘመድ በሙሉ፣ ባለ ላዳው፣ ግንባሩ የተፈነከተው ሠራተኛ፣ ገብረየስና ወንድሞቹም ያለ ዱላ ተጠርተዋል። ጾሙ ሳይገባ ነው የቆረጥነው። እታለምህ አልጣሽ በር ላይ ቆማ ትጠብቃችኋለች፤ ማንም እንዳይቀር፣ ሁላችሁም ኑ፦ ቅዳሜ፣ ኅዳር 12፣ የሚካኤል ዕለት።