መኪናውን ይነዳ የነበረው ናሆም ነው

ውድ እማዬ፣

ከተለየሽን አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ካዛንቺስ ያለው ቤታችን ፈርሷል፤ እኔና ናሆም ላንቻ ሁለት ክፍል ተከራይተናል። ጎረቤቶችሽ በየአቅጣጫው ተበትነዋል። እትዬ አልማዝ ብቻ እየደወለች ትጠይቀኛለች፤ ስምሽን ስታነሳ ድምጿ ይቀየራል። አልጋሽ ላይ የምተኛው እኔ ነኝ።

ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ስለ ናሆም ነው። ጠጥቶ ሲነዳ ሜክሲኮ ጋ ተይዞ የተከሰሰ ጊዜ፣ ከሆስፒታል በወጣሽ በሳምንቱ ትከሻዬን ተደግፈሽ ችሎት ገብተሽ ነበር። ዳኛው እስራቱን በሁለት ዓመት ገደብ አለፉት፤ እስከዚያ ሌላ ጥፋት ካላጠፋ አይታሰርም ማለት ነው። ናሆም ጉልበትሽን ስሞ "ሁለተኛ አይለምደኝም" አለሽ። አመንሽው፤ እኔም አመንኩት። ልታርፊ ጥቂት ቀን ሲቀርሽ እጄን ይዘሽ "ወንድምሽን አደራ" አልሽኝ።

ክረምቱ ሲገባ አንድ እሁድ ከሰዓት ደወለልኝ። ጓደኛው ምሳ ጋብዞት ነበር። "ወሎ ሰፈር ነኝ፣ ቶሎ ነይ" አለኝ። ከታክሲ ስወርድ አባዬ የተወልን መኪና አንድ ሱቅ ግንብ ላይ ተሰክቷል። የሱቁ ጥበቃ ጋሽ ታደሰ እግራቸውን ይዘው አስፋልቱ ላይ ተቀምጠዋል። ናሆም ክንዴን ያዘኝ። "እኔ ነኝ የነዳሁት በይ። አንቺ ምንም ክስ የለብሽም፤ የእኔ ገደብ ግን አላለቀም፣ በቃ እታሰራለሁ። እማዬ አደራ ብላሻለች" አለኝ። አፉ መጠጥ መጠጥ ይሸታል።

አልደብቅሽም፣ ልዋሽለት ነበር። ትራፊክ ፖሊሱ መጥቶ "ማነው ሲነዳ የነበረው?" ሲል ጋሽ ታደሰ ቀና ብለው አዩኝ። ከታክሲ ስወርድ አይተውኛል። ምን እንደምል ይጠብቁ ነበር።

"መኪናውን ይነዳ የነበረው ናሆም ነው" አልኩ። "ወንድሜ ነው።"

በዋስ ከወጣ በኋላም አላናገረኝም። ጠበቃ የፈለግኩለት ግን እኔው ነኝ። ናሆም ጠበቃዋን "ፖሊሶቹ ያስነፉኝ የትንፋሽ መመርመሪያ ተበላሽቷል ብለን እንከራከር" አላት። የምርመራውን ወረቀቶች አንድ በአንድ አነበበች። "ችግር ቢኖርበት እከራከርልህ ነበር፤ የለበትም። ድጋሚ ስለሆነ ይከብዳል። የድሮው እስራት ሊነሳብህ ይችላል፣ አዲሱ ይጨመርበታል፣ መንጃ ፈቃድህም ይታገዳል። ጥፋትህን ካመንክና ሰውየውን ካሳከምክ ቅጣቱ እንዲቀልልህ እጠይቃለሁ። ውሸት ይዤ ግን ችሎት አልገባም" አለችው። ናሆም ተነስቶ ወጣ። እኔ እዚያው ቀረሁና "ይመለሳል፣ ፋይሉን እንዳይዘጉት" አልኳት።

በማግስቱ ጋሽ ታደሰ ቤት ሄድኩ። እግራቸው በጀሶ ታስሯል። ባለቤታቸው ደጅ ላይ በርጩማ ሰጡኝ እንጂ ግቢ አላሉኝም፤ አልተቀየምኩም። በየሳምንቱ ሐኪም ጋ የማመላልሳቸው እኔ ሆንኩ። በአራተኛው ሳምንት ናሆም ሳልጠይቀው ተከተለኝ። ደግፎ ታክሲ ውስጥ ሲያስገባቸው "ቀስ" ብቻ አሉት። ስንመለስ "ጠበቃዋ ጋ ደውይልኝ" አለኝ።

ችሎት ቆሞ ጥፋቱን አመነ። ጠበቃዋ የምትችለውን ሁሉ ተናገረችለት። የድሮውም አዲሱም ተደምሮ ሰባት ወር ተፈረደበት፤ መንጃ ፈቃዱም ታገደ። ፖሊሶቹ ሲያወጡት ዞር ብሎ "ሹራብ አምጪልኝ" አለኝ። ከዚያ እሁድ ወዲህ እንደ እህት ያናገረኝ ያኔ ነው።

እማዬ፣ አንቺ ብትሆኚ ትሸፍኚለት እንደነበር አውቃለሁ። አደራሽን የበላሁ መስሎኝ ብዙ ቀን አለቀስኩ። አሁን ትቻለሁ። በእሱ ፈቃድ መኪናውን ሸጬ የጋሽ ታደሰን ሕክምና ጨርሻለሁ። ከእስር ሲወጣ መጠጡን እንዲተው የሚያግዘው ሐኪምም አግኝቼ ቀጠሮ ይዣለሁ፤ አልፈልግም ቢለኝ እንኳ አብሬው እገባለሁ እንጂ አልተወውም።

ስምሽን ሳላነሳ የሚያልፍ ቀን የለም፤ እስካለሁም አይኖርም። ናሆም የሚፈታ ዕለት የእስር ቤቱ በር ላይ ቆሜ እጠብቀዋለሁ። ከዚያ ቀጥታ አንቺ ወዳረፍሽበት ይዤው እመጣለሁ። የቀረውን ራሱ ይነግርሻል።

ልጅሽ ሰላማዊት